ክርክር፦ በቤት ቢራ ላይ ማር፣ ተምርና ሸንኮራ ይግባ ወይስ ነጭ ስኳር ብቻ?

የግንፍሌው
ለፋሲካ እያንዳንዳችን አሥር አሥር ጠርሙስ ይዘን አራት ኪሎ አንድ ግቢ ልንሰባሰብ ነው። ባለፈው ስንገናኝ ግማሹ ሰው "ለጋዙ የሚጨመረው ነጭ ስኳር ብቻ ይሁን፤ ሙከራችሁን ቤታችሁ" አለ። ግማሹ ደግሞ "ማር በሞላበት አገር ስኳር ብቻ ማለት ምን የሚሉት ነው?" ብሎ ተነሳ። ሳንስማማ ተበተንን። እዚህ እንጨርሰው።

ለአዲሶች፦ ቢራው በእርሾ ፈልቶ ሲያበቃ ጋዙ ትንሽ ነው። ቆርኪ ከመግጠማችን በፊት ጥቂት ስኳር እንጨምራለን። የተረፈው እርሾ ይበላዋል፤ ጋዙም መውጫ ስለሌለው ቢራው ውስጥ ይቀራል። የኔ አቋም፦ የፈለገው ጣፋጭ ይግባ፣ ግን ተመዝኖ።

ጓዳ ጠማቂ
እኔ ነጭ ስኳር ብቻ ባይ ነኝ። አምና ተምር ሞከርኩ። ቀቀልኩት፣ ፈጨሁት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠለልኩት፣ በዓይን ገምቼ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት፣ ብፌው ውስጥ "ጧ!" አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው። ተነስተን መብራት ስናበራ የጠርሙሱ አንገት ከነቆርኪው ተቆርጦ የእናቴ የቡና ሲኒ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ማንም አልተጎዳም። ቀን ቢሆን ግን ያን ብፌ የሚከፍተው ልጅ ነው።

የአራዳ ልጅ
አዝናለሁ ወንድሜ፤ ግን ጥፋተኛው ተምሩ ነው ወይስ ዓይንህ? በየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብትጨምርም ያው ነበር።

ኬሚስቷ
ልክ ነው። ቁጥሩን ላስቀምጥ። ለአንድ ሊትር 7 ግራም ያህል ስኳር ይበቃል። ለ20 ሊትር 140 ግራም። በ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሲሰላ 2.3 ግራም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ሙሉ ማንኪያ ሲሆን እጥፍ ሆነ። ቢራው ፈልቶ ሳይጨርስ ከታሸገ ደግሞ የቀረው ስኳር በላዩ ላይ ይደመርበታል።

ማር ቀላል ነው። አንድ አምስተኛው ገደማ ውሃ ስለሆነ በ140 ግራም ስኳር ፋንታ 175 ግራም ማር ይገባል። ችግሩ ተምር ላይ ነው። አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ። ስንት ስኳር ወደ ውሃው እንደወጣ በግምት አይታወቅም። ሸንኮራም እንደዚያው። ጭማቂውን በሃይድሮሜትር (ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ስኳር በሚያሳየው መለኪያ) ያልለካ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አብዛኞቹ የስኳር ማስሊያዎች ለባሕር ወለል የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቷ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፈልቶ ያለቀ ቢራ እዚህ የሚያስቀረው ጋዝ ያነሰ ስለሆነ "ስኳር ጨምሩ" የሚል አለ። እኔ ከ7 ግራም አላልፍም። ስትከፍቱት የውጪው ግፊት አነስተኛ ነውና በአረፋ ገንፍሎ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

የሠፈር እናት
ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ጠላ ስጠምቅ ነው የጨረስኩት፤ ጋዝ አሳስቦኝ አያውቅም። ማሩን አትናቁት፣ ጠጅ ከምን ሆነና! ግን ጥሬውን ጠርሙስ ውስጥ አታግቡ። ጠጅ ከነሰፈፉም ቢበጠበጥ ጋኑ ይተነፍሳል። ጠርሙስ አፉ ታስሯል።

ኬሚስቷ
እማማ፣ እርስዎ በአንድ ቃል ጨረሱት። ጥሬ ማር የራሱን የዱር እርሾ ይዞ ይመጣል። የኛ እርሾ መብላት ያቃተውን የብቅል ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይምም አለበት። ጋዙ ከታሰበው በላይ የሚሄደው በዚህ ነው። በጥቂት ውሃ አፍልታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ጨምሩት። እዚህ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ጥቂት ደቂቃ አስረዝሙት።

ጓዳ ጠማቂ
ይሁን። ግን ለምን? ለጣዕም እንዳትሉኝ። በሊትር 9 ግራም የማትሞላ ማር፣ ስኳሯን እርሾ በልቶላት ምን ይቀራል? ባለፈው መለያቸውን ሸፍነን ስንቀምስ ማሩን ከስኳሩ የለየ ሰው አልነበረም። የአራዳ ልጅ፣ አንተም አለህበት።

የአራዳ ልጅ
ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

የግንፍሌው
ሃሃ። እኔም አልለየሁም፣ ጉንፋንም አልነበረብኝም። የማር ጣዕም የፈለገ ዋናው ፍላት ላይ በብዛት ይጨምር። ሞላሰስ (ስኳር ሲመረት የሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ግን በትንሹም ይታወቃል። አንዱ ጓደኛችን ቀምሶ "ይሄ የከብት መኖ ነው" ያለው እውነቱን ነው።

ሦስተኛ መንገድ ላምጣ። በ1516 የወጣው የባቫሪያ ሕግ ለቢራ ገብስ፣ ሆፕ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) እና ውሃ ብቻ ነው የፈቀደው። ስለዚህ ይህን ሕግ የሚከተሉ ጀርመኖች ስኳር አይጨምሩም፤ ገና በእርሾ ያልፈላውን የብቅል ውሃ ቀንሰው አስቀምጠው መጨረሻ ላይ ይመልሱታል። እኔ ከ20 ሊትር ሊትር ተኩል ያህል አስቀርቼ ሞክሬዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ በንጽሕና ማቆየቱ ነው ራስ ምታቱ። ውጤቱ ግን የሚወደድ ነው፤ አረፋው ረጋ ያለ።

ጓዳ ጠማቂ
እሺ፣ አንድ ነገር ከተስማማን ድምፄን እሰጣለሁ። ከስኳር ሌላ የገባበት ሁሉ በመስታወት አይምጣ። ባዶ የአምቦ ውሃ ፕላስቲክ ይሁን። እሱ ለጋዝ የተሠራ ነው፤ ጨመቅ ስታደርጉት ድንጋይ ከሆነ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ታስተነፍሱታላችሁ። ሃይላንድ ግን አይሆንም፣ ስስ ነው። ላዩ ላይ ምን እንደገባና ስንት ግራም እንደሆነ በእስክሪብቶ ይጻፍ።

የአራዳ ልጅ
በአምቦ ፕላስቲክ ለፋሲካ? እንግዳ ምን ይለናል!

ጓዳ ጠማቂ
እንግዳው ብፌዬን አላየማ።

የግንፍሌው
ተስማምቻለሁ። ተምርስ?

ጓዳ ጠማቂ
ተምር ከመጣ እኔ ውጭ በረንዳ ላይ ነኝ።

የሠፈር እናት
ቦታ ያዝልኝ። እኔም ጠላዬን በጆግ ይዤ እዚያው ነኝ።