ቴቬኒን ላይ ተጣብቄያለሁ፣ 4 ኪሎ ኦም ከየት መጣ?

የኮዬው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ ነገ ቴስት አለብኝ እና እቺ የቴቬኒን ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ሰርኪዩቱን በሙሉ ሎዱ (ከረንቱን የሚጠቀመው ዕቃ) በሚያየው አንድ ቮልቴጅና አንድ ሬዚስታንስ ተኩ ነው የሚለው። 12 ቮልት ባትሪ አለ፣ ከሱ 6 ኪሎ ኦም በሲሪየስ፣ ከዛ 3 ኪሎ ወደ ግራውንድ ይወርዳል፣ ከመገናኛቸው ደግሞ 2 ኪሎ ወጥቶ ወደ ሎዱ ይሄዳል። ቮልቴጁ 4 መጣልኝ እሱ ልክ ነው፣ ሬዚስታንሱ ግን እኔ 5 ነው የማገኘው መልሱ 4 ይላል። ሶርሱን አጥፉ ስለተባልን ባትሪውን አውጥቼ ነው የሰራሁት። መብራት ሳይሄድ ቶሎ በሉ 😅

ሽቦ ቀጣይ፦
"አውጥቼ" ያልከው ላይ ነው የተሳሳትከው። ቮልቴጅ ሶርስ ሲጠፋ 0 ቮልት ሆነ ማለት ነው፣ 0 ቮልት ደግሞ ሽቦ ነው እንጂ ክፍት ቦታ አይደለም። ነቅለህ ስትተወው የ6ቱ አንድ እግር አየር ላይ ቀረ፣ 3ና 2 ደመርክ። ቦታው ላይ ሽቦ አድርግና እየው፣ 6ና 3 ፓራለል ሆነው 2 ይሰጡሃል በዛ ላይ 2። ክፍት የሚደረገው ከረንት ሶርስ ነው። ዲፔንደንት ሶርስ (መጠኑ በሰርኪዩቱ ሌላ ቦታ ባለ ቮልቴጅ ወይም ከረንት የሚወሰን) ካለ እሱን እንዳትነካው፣ ክፍት ቮልቴጁን (ሎዱ ሲነቀል ያለውን) ለሾርት ከረንቱ (ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ሲገናኙ ለሚፈሰው) አካፍል።

ጋሽ ቆጣሪ፦
ልጄ ቴቬኒን እቤትህ አለልህ እኮ። ምጣድ ሳይሰካ ሶኬቱን በመልቲሜትር ለካ፣ ሰክተህ ድገም። እኔ ቱሉ ዲምቱ አንድ ቤት ከ214 ወደ 196 ሲወርድ አይቻለሁ፣ ምጣዱ ላይ 3500 ዋት በ220 ይላል ስለዚህ 14 ኦም ገደማ ነው፣ በ196 ቮልት 14 አምፒር ይስባል፣ የጠፋውን 18 ቮልት ለ14 አምፒሩ ስታካፍለው 1.3 ኦም። ትራንስፎርመሩም ፖሉም እስከ ቆጣሪው የተጎተተው ሽቦም ለምጣዱ አንድ 214 ቮልትና አንድ 1.3 ኦም ነው በቃ። ቴቬኒን ራሱ በፈረንጆቹ 1883 ይሄን ሲጽፍ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ነበር፣ የሽቦ ሰው ነው። ደሞ ሾርት ከረንት እለካለሁ ብለህ ሶኬቱን እንዳታገናኝ አደራ፣ ከ160 አምፒር በላይ ነው!

ሽቦ ቀጣይ፦
ጋሼ ጎረቤትም በዛው ሰዓት ከሰካ ቁጥሩ ይበላሻል እኮ፣ ቶሎ ቶሎ ደጋግሞ መለካት ነው። ኤሲም ስለሆነ ኢምፒዳንስ (የኤሲ ሬዚስታንስ በለው) ነው የሚባለው፣ ለግምት ግን ይበቃል።

የኮዬው ልጅ፦
ገባኝ!! ስድስቱን አየር ላይ ሰቅዬው ነው ለካ። እማዬ ቅዳሜ ትጋግራለች፣ እዚህ አካባቢ መልቲሜትር የሚያውሰኝ አለ?