ያገለገለ ባለ 12 ክር ጊታር ገዛሁ፤ አንዷ ቀጭን ክር ግን እየተበጠሰች አስቸገረችኝ

ጥያቄ፦ መምህርቷ፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት ባለ ስድስት ክር ጊታር ስጫወት ቆይቼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከተማ ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ ሰው ባለ 12 ክር ጊታር ገዛሁ። ፊቱ ተጭሯል፤ ከመቃኛዎቹም አንዱ ሲዞር ይጠነክራል። ይሁንና ገና የመጀመሪያውን ኮርድ ስመታ ባዶው ክፍል በድምፅ ሲሞላ፣ ዋጋ መከራከሩንም ረሳሁት። የዚያኑ ዕለት ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትኩ፤ ጣቶቼ ቢቃጠሉም መነሣት አቃተኝ።

ችግሬ ይህ ነው፦ ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የታሰሩት፤ ከሦስተኛው ጥንድ ቀጭኗ ክር ትክክለኛው ድምፅ ላይ ልትደርስ ስትል ሁለት ጊዜ ተበጠሰች። ሱቆች የሚሸጡት ለባለ ስድስት ክር ብቻ ነው። በተጨማሪ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ክሮቹ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለዋል፤ ብሪጁም (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ከኋላው ትንሽ የተነሣ ይመስላል። ተበላሽቶብኝ ይሆን?

መልስ፦ የሠርግ ጊታሪስት፣ አዳማ

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! የምትበጠሰዋ ክር የሁላችንም ራስ ምታት ናት። በዚህ ጊታር ላይ ዝቅተኛ ድምፅ ያላቸው አራት ጥንዶች አንዱ ወፍራም፣ ሌላው አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ በላይኛው እርከን) ከፍ ያለ ቀጭን ክር አላቸው፤ ከፍተኛ ድምፅ ያላቸው ሁለቱ ጥንዶች ግን እኩል ድምፅ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ የሶስተኛው ጥንድ ቀጭን ክር፣ ጂ የሚባለው ድምፅ ኦክታቭ፣ ከመጀመሪያዋ ክር ሦስተኛ ፍሬት ጋር እኩል መጮኽ አለባት። ከ12ቱ ሁሉ ከፍተኛዋ እሷ ናት። 0.010 ኢንች ውፍረት ያለው ክር በቦታዋ ካሰርሽ አይችልም። ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች 0.009 ወይም 0.008 ፈልጊላት። ለ6ኛው፣ ለ5ኛውና ለ4ኛው ጥንድ ቀጭኖች ደግሞ ከ0.010 የሚጀምር የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ገዝተሽ በቅደም ተከተል አራተኛውን፣ ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ክር ተጠቀሚ። እኔ ባለ 12 ክር ማሸጊያ ሳላገኝ ስቀር የማደርገው ይህንኑ ነው።

መልስ፦ አናጺና ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

ስለ ክሩ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን ብሪጁ ነው። ስድስት ክር እንጨቱን በ70 ኪሎ ገደማ ሲጎትት፣ 12 ክር ከ110 ኪሎ በላይ ይጎትታል። የድሮው ባለቤት ለዓመታት በሙሉ ውጥረት ትቶት ከሆነ ብሪጁ መነሣቱ አይገርምም። ዛሬውኑ ሁሉንም ክር አንድ ድምፅ ሙሉ አውርጂው፤ ኢን ወደ ዲ። ውጥረት ከድምፁ ድግግሞሽ ጋር በካሬ ስለሚሄድ፣ ይህች አንድ እርምጃ ብቻ 20 በመቶ ያህል ትቀንስለታለች። ከሌሎች ጋር ስትጫወቺ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ሁሉንም ክር አንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ካሰርሽ ወደ ኢ ትመለሺያለሽ።

ከዚያ ቀጭን ወረቀት ከብሪጁ ኋላ አስገቢ። ጠርዙ ላይ ብቻ ከቆመ ተረጋጊ፤ ጠልቆ ከገባ ግን ክሮቹን አላልተሽ ወደ ጠጋኝ ውሰጂው። እለምንሻለሁ፣ በፈጣን ማጣበቂያ አትንኪው! ብሪጁ ሳይጠራ የተለጠፈ ጊታር ሲመጣልኝ ከጥገናው ይልቅ አሮጌውን ማጣበቂያ መፋቅ ነው ቀኔን የሚበላው። አንገቱን የሚያስተካክለውን ብረትም ከሩብ ዙር በላይ አታዙሪው፤ አዙረሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ክር ስትቀይሪም አንድ በአንድ ቀይሪ።

መልስ፦ ክራር ደርዳሪ

ለእህታችን ከጥገናው ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። ክራር ስድስት አውታር ሲኖረው አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛው የአንደኛው ኦክታቭ ነው። አንድ ድምፅ ከታችና ከላይ አብሮ ሲናገር መስማት ለጆሯችን አዲስ አይደለም። ትዝታ በዚህ ጊታር ላይ ሞክሪ። በአብዛኞቹ ላይ ቀጭኑ ክር ከወፍራሙ በላይ ስለሚቀመጥ፣ አውራ ጣትሽ ወደ ታች ሲወርድ ቀድሞ የሚነካው ቀጭኑን ነው፤ ወደ ላይ ስትመልሺው ደግሞ ወፍራሙ ይቀድማል። በዚህ ልዩነት ብቻ አንዱ ዜማ ሁለት መልክ ይኖረዋል።

መልስ፦ የሠርግ ጊታሪስት፣ አዳማ

ሁሉም ዲ ላይ ይቅር ማለት አልወድም። ደህና የተሠራ ጊታር ኢን ይችላል፤ ካፖም የክሩን ነፃ ድምፅ ትንሽ ይነካዋል። የእሷ ግን አርጅቷል፣ ብሪጁም ተነሥቷል፤ ለዚህኛው ምክሩ ይስማማኛል።

መልስ፦ መምህርቷ፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ወደ ዲ አወረድኩት፤ 0.009 ክርም ከኤሌክትሪክ ጊታር ማሸጊያ አገኘሁ። ከሌሊቱ አልፋ እስካሁን አልተበጠሰችም። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ቆሟል። ከፍታው ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ ጣቶቼም ልዩነቱን አውቀውታል። ድምፁ ደግሞ ወፈር፣ ረጋ ብሎልኛል። ትዝታን በአውራ ጣት ሞከርኩ፤ እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆማ አዳመጠችኝ፣ «ድገሚው» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። የጠነከረው መቃኛ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ዘይት ላድርግለት ወይስ ፈትቼ ላጽዳው?

መልስ፦ አናጺና ጊታር ጠጋኝ፣ ሐዋሳ

መጀመሪያ የመቃኛውን ብሎን ትንሽ አላልተሽ ሞክሪው። ካልሆነ ጥርሱ ላይ አንዲት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፤ እንጨቱን እንዳይነካ ከሥሩ ጨርቅ አድርጊ።