የእናቶች ቪዛ፦ የጠበቃ ወጪ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። የአባል ወላጅ የጉብኝት ቪዛ ያላግባብ ከተከለከለ፣ የሶሊሲተሩን (የጠበቃውን) የቅድመ ክስ ደብዳቤ ወጪ ማኅበሩ ይሸፍን። ሆም ኦፊስ (ቪዛ የሚሰጠው የብሪታንያ መሥሪያ ቤት) መልስ የሚሰጥበት 14 ቀን ይሰጠዋል። እንቢ ካለ ጁዲሻል ሪቪው ነው፣ ማለትም ውሳኔው ሕጋዊ መሆኑን ዳኛ እንዲመረምር መክሰስ። እስከ እሑድ አስተያየት።

ገንዘብ ያዥ፦ ይግባኝ እያለ ለምን ክስ?

ጸሐፊ፦ የቱ ይግባኝ? የቤተሰብ ጉብኝቱ ይግባኝ እኮ በ2013 ተነሳ። የሰብአዊ መብት ጥያቄ ከሌለበት የቀረው መንገድ ይሄው ነው። እሱም ቢዘገይ በ3 ወር ውስጥ።

ገንዘብ ያዥ፦ ብናሸንፍስ? ትራይቡናሉ (ክሱን የሚያየው ችሎት) ውሳኔውን ሽሮ «እንደገና እዩት» ነው የሚለው። ቪዛ አይመታም። ብንሸነፍ ደግሞ የነሱንም ጠበቃ እኛው ልንከፍል ነው። የእድሩን ብር አልነካም።

የፔክሃም አባል፦ የኔን እናት ወረቀት ተመልከቱ። የእቁብ ብር ባንድ ቀን ሒሳቧ ገባ። «ምንጩ አልታወቀም» አሉ። የእቁቡ ዳኛ የፈረመው ደብዳቤ ተያይዞ ነበር፣ ስሙን እንኳ አላነሱትም። የቀረበ ማስረጃ ካላዩ ያስከስሳል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደብዳቤው ተተርጉሟል?

የፔክሃም አባል፦ በአማርኛ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ በቃ፣ ካልተተረጎመ እንዴት ያዩታል?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ለሶሊሲተሩ የሚሄደው ደብዳቤ ላይ ማኅተም አለ? ማኅተሙ ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ነው።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እሱ አሁን ምን አመጣው?

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ በተዘጋ ቢሮ አድራሻ ፍርድ ቤት ልትሄዱ ነው?

የሴቶች ክፍል፦ ማኅተሙ ለመሆኑ ማን ጋ ነው? በምርጫው ጊዜ ርክክብ አልተደረገም።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ሌባ እያልሽኝ ነው?

የሴቶች ክፍል፦ የት ነው ነው ያልኩት!

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ አስረክቤያለሁ። ቃለ ጉባኤ አለ።

ጸሐፊ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ «ማኅተም» የሚል የለም። አየሁት።

የቀድሞ ሊቀመንበር፦ ይቅር፣ ተናድጄ ነው። መሳቢያ ውስጥ ነው። ግን አዲስ ይሠራ።

የሴቶች ክፍል፦ እኔም ጮኬያለሁ። አዲስ ይሠራ።

ወጣቶች፦ ክሱ ይቅርና ቅዳሜ ቅዳሜ ማመልከቻ የሚሞሉትን ሰነዳቸውን እንይላቸው። ሶሊሲተሩን ነገ እደውልለታለሁ።

ጸሐፊ፦ ያልተመዘገበ ሰው የኢሚግሬሽን ምክር ቢሰጥ እዚህ አገር ወንጀል ነው። ትርጉም ብቻ ከሆነ እሺ።

ጸሐፊ፦ ደወልክ?

ጸሐፊ፦ ወጣቶች?

ጸሐፊ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፦ ሀ) አዲስ ማኅተም። ለ) የእቁብና የባንክ ወረቀት የሚተረጉሙ ሁለት ሰዎች። ሐ) የጠበቃው ወጪ ለጠቅላላ ጉባኤ ይተላለፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ እደግፋለሁ። ሀን ከነገ ጀምሮ እከፍላለሁ።

የፔክሃም አባል፦ ጉባኤው መስከረም ነው። የእናቴ 3 ወር ሐምሌ ላይ ያልቃል።

ጸሐፊ፦ ለእሑድ አጀንዳ ይዤዋለሁ፣ ከማኅተሙ ቀጥሎ።