ብሉቱዝ ሄድሴቴ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ማይኩ ግን ሊኑክስ ላይ አይሰራም

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 24.04 የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ነው የምጠቀመው። ብሉቱዝ ሄድሴቴ ያለ ችግር ይገናኛል፣ ሙዚቃ ስከፍት ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ጣጣው የሚመጣው የኦንላይን ስብሰባ ስገባ ነው። ማይክ የሚመረጥበት ቦታ ላይ የላፕቶፑ ማይክ ብቻ ይታያል፣ የሄድሴቱ ስም ጭራሽ የለም። አንዳንዴ ደግሞ ብቅ ይላል፤ ያኔ ግን የምሰማው ድምፅ ወዲያው ይበላሻል፣ ሰዎቹ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ነው የሚመስለው። እነሱ ደግሞ እኔን ምንም አይሰሙኝም። ይሄው ሄድሴት ከስልኬ ጋር ሲሆን ማይኩ በደንብ ይሰራል፣ ስለዚህ ዕቃው አልተበላሸም። ስራዬ ስብሰባ የሚበዛበት ስለሆነ በጣም ተቸግሬያለሁ። ከየት ልጀምር?

ድምፅ ቀጂ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፣ መጀመሪያ እንለያቸው። ማይኩ አለመታየቱና ድምፁ መውረዱ የብሉቱዝ አሠራር ያመጣው ነው፣ ኮምፒውተርህ ምንም አልሆነም። ሰዎች አለመስማታቸው ግን እውነተኛ ብልሽት ነው። የምንፈልገው እሱን ነው።

ብሉቱዝ ለእያንዳንዱ ስራ የተለየ ፕሮፋይል፣ ማለትም የአሠራር ስልት፣ አለው። ሙዚቃ ስትሰማ የሚሰራው ኤቱዲፒ ይባላል። ስቴሪዮ ነው፣ ጥራት አለው፣ ግን በተለመደው አሠራሩ ድምፅ የሚያልፈው ከኮምፒውተሩ ወደ ሄድሴቱ ብቻ ነው። የማይክ መንገድ ስለሌለው ሲስተሙም ማይክ አያሳይህም። ለጥሪ የሚሆኑት ኤችኤስፒ እና ኤችኤፍፒ ናቸው። እነዚህ ድምፅ ይወስዳሉም ያመጣሉም፣ ነገር ግን ድምፁ ሞኖ ይሆናል፣ ጥራቱም ይወርዳል። በድሮው ሲቪኤስዲ ኮዴክ (ኮዴክ ድምፁ ለማስተላለፍ የሚታመቅበት ዘዴ ነው) የድምፁ ናሙና የሚወሰደው በ8 ኪሎኸርዝ ነው፣ በአዲሱ ኤምኤስቢሲ ደግሞ በ16። ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ 44.1 ኪሎኸርዝ ነውና ልዩነቱ ለምን እንዲህ ጎልቶ እንደሚሰማህ ይገባሃል። ሁለቱ ፕሮፋይሎች ደግሞ ባንድ ጊዜ አይሰሩም፣ ወይ ይሄ ወይ ያ ነው።

አሁን ፓቩኮንትሮል የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫን። የተሰራው ሊኑክስ ላይ ድምፅን ለሚያስተዳድረው ለፐልስኦዲዮ ነው፣ የሱን ቦታ ከያዘው ከፓይፕዋየርም ጋር ግን በደንብ ይሰራል። ኮንፊገሬሽን የሚለውን ትር ክፈትና ሄድሴትህ ስር ያለውን ፕሮፋይል ከኤቱዲፒ ወደ ሄድሴት ሄድ ዩኒት ቀይረው። ከዚያ ኢንፑት ዲቫይስስ የሚለው ትር ላይ ሂድና ጮክ ብለህ አውራ። ከማይኩ ስም ስር አንዲት አግድም መስመር አለች። ስታወራ ትንቀሳቀሳለች ወይስ ዝም ትላለች? መልሱን ይዘህ ና።

የድሮ ተጠቃሚ፦
እኔ የምለው አጭር ነው። ፓይፕዋየርን አጥፋውና ወደ ፐልስኦዲዮ ተመለስ። ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፣ ሰላም ነው።

የአርች ሰው፦
በዚህ አልስማማም። ችግሩ የት እንዳለ ሳይታወቅ የድምፅ ሰርቨሩን መቀየር ሌላ ችግር መጨመር ነው፤ በተለይ አንዱ በደንብ ሳይወገድ ሌላው ሲገባ ሁለቱ ሄድሴቱን ይሻሙታል። ኡቡንቱ ከ22.10 ጀምሮ፣ ፌዶራ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ ደግሞ ከ34 ጀምሮ ፓይፕዋየርን ይዘው ነው የሚመጡት። ፐልስኦዲዮም ቢሆን ኤምኤስቢሲን የያዘው በ2021 በወጣው 15ኛው ቨርዥን ነው፣ ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ በራሱ መፍትሔ አይሆንም።

«አንዳንዴ ብቅ ይላል» ላልከው ደግሞ መልስ አለኝ። ከፓይፕዋየር ጋር አብሮ የሚሰራ ዋየርፕላምበር የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ አፕ ማይክ ሲከፍት አይቶ ፕሮፋይሉን ራሱ ወደ ጥሪ ይቀይራል፣ አፑ ማይኩን ሲለቅ ይመልሰዋል። ድምፁ በድንገት የሚበላሽብህ ለዚህ ነው። አሁን ድምፅ ቀጂ ያለህን ሞክርና መስመሯ ምን እንደሆነች ንገረን።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ሞከርኩት። ኮንፊገሬሽን ላይ ሁለት ሄድሴት ሄድ ዩኒት አለ፣ አንዱ ሲቪኤስዲ ይላል፣ ሌላው ኤምኤስቢሲ። በራሱ የሚመርጠው ኤምኤስቢሲን ነው። እሱ ላይ ሲሆን ማይኩ ይታያል፣ መስመሯ ግን ንቅንቅ አትልም። ወደ ሲቪኤስዲ ስቀይረው መስመሯ ተንቀሳቀሰች! ድምፄን ቀድቼ ሰማሁት፣ የታፈነ ነው ግን አለ። ሄድሴቱ ላይ ያለው የማይክ ማጥፊያም ክፍት ነው፣ የስልኬንም ብሉቱዝ አጥፍቼዋለሁ።

የአርች ሰው፦
ይሄ ትልቅ ነገር ነው ያገኘኸው። የስልኩን ብሉቱዝ ማጥፋትህም ጥሩ ነው፤ ከሁለት ዕቃ ጋር ባንዴ የሚገናኝ ሄድሴት ማይኩን ለስልኩ ይዞ ኮምፒውተሩን ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል።

ሲቪኤስዲ ሰርቶ ኤምኤስቢሲ ዝም ካለ ማይኩ ደህና ነው ማለት ነው። ፓይፕዋየርም ደህና ነው። የሚቀረው የብሉቱዝ ዶንግሉ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ ዕቃ) ወይም ቺፑ፣ ፈርምዌሩ (ቺፑ ውስጥ የሚጫነው ፕሮግራም) እና ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ያለው፣ ዕቃውን የሚያሠራው ድራይቨር ነው። ኤምኤስቢሲ በዩኤስቢ በኩል የሚያልፍበት መንገድ ከሲቪኤስዲ የተለየ ነው፤ ቺፑ ወይም ድራይቨሩ ያንን በትክክል ካልያዘው ግንኙነቱ የተከፈተ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ምንም ድምፅ አያልፍም። አሁን የምትጠቀመው ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ብሉቱዝ ነው ወይስ የሚሰካ ዶንግል? ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ብሉቱዝሲቲኤል ብለህ ግባና ሊስት በለው። ሁለት መስመር ካመጣ ሁለት አለህ።

ጠያቂ፦
ሁለት አመጣ! የላፕቶፑ አንድ፣ የዩኤስቢ ዶንግል አንድ። ዶንግሉን የሰካሁት ክፍል ውስጥ ስንቀሳቀስ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ብዬ ነበር። ሄድሴቱ የተገናኘውም በሱ ነው።

የአርች ሰው፦
በል ዶንግሉን ንቀለውና ሄድሴቱን ከላፕቶፑ ብሉቱዝ ጋር እንደ አዲስ ፔር አድርገው። እንደ አዲስ የምልህ ሊኑክስ የፔሪንግ ቁልፉን ለእያንዳንዱ ብሉቱዝ ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ነው፣ በዶንግሉ ያደረግከው ለላፕቶፑ አይቆጠርም። ከሄድሴቱ ራሱም ላይ የድሮውን ፔሪንግ ብታጠፋው ጥሩ ነው።

እግረ መንገድህን ከርነሉንና ሊኑክስ ፈርምዌር የሚባለውን ፓኬጅ አፕዴት አድርግ። ከዚያ ላፕቶፑን ሪስታርት ብቻ አታድርገው፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ አብራው። ሪስታርት ሲደረግ ቺፑ ኃይል ላይቋረጥበት ይችላል፣ ያኔ ቀድሞ የጫነውን ፈርምዌር ይዞ ይቀጥላልና አዲሱ ሳይገባ ይቀራል። ብዙ ሰው «አፕዴት አድርጌ ምንም አልተለወጠም» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ድምፅ ቀጂ፦
ስለ መቆራረጡ እኔ ልጨምር። ብሉቱዝ የሚሰራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ብዙ ዋይፋይም እዚያው ነው። ዋይፋይህ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ላፕቶፑን ወደሱ አዙረው። ዩኤስቢ 3 ራሱ በዚሁ ሞገድ አካባቢ ረብሻ ያወጣል፤ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ የተሰካበት ዩኤስቢ 3 አጠገብ ብሉቱዝ ዶንግል መሰካት ጥሩ አይደለም። ዶንግሉን የግድ ከፈለግከው በአጭር ኤክስቴንሽን ገመድ ከላፕቶፑ ራቅ አድርገው።

እንግዳ፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የኔ ሄድሴት ብሉቱዝ አይደለም፣ የራሱ ዩኤስቢ ዶንግል አለው። ድምፅ ይሰማኛል፣ ማይኩ ግን ምንም አይቀዳም። የተባለው ለኔም ይሰራል?

ድምፅ ቀጂ፦
ያንተ ይለያል፣ ደግሞም ይቀላል። እንዲህ ዓይነቱን ዶንግል ሊኑክስ የሚያየው እንደ ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው፣ የኤቱዲፒ ጉዳይ የለበትም። ፓቩኮንትሮል ላይ ኮንፊገሬሽን ግባ። ፕሮፋይሉ አውትፑት ብቻ የሚል ከሆነ ኢንፑትም ያለበትን ምረጥ። ካልሆነ ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰር የሚባለውን የድምፅ ማስተካከያ ክፈት፣ በኤፍ6 ሄድሴትህን ምረጥ፣ በኤፍ4 ወደ ማይኩ ሂድ። ማይኩ ስር ካፕቸር የሚል ቀይ ጽሑፍ ከሌለ ስፔስ ተጫን፣ ከዚያ ከፍ አድርገው። የማይኩ ክንድ ወደ ላይ ሲታጠፍ ማይኩ የሚዘጋባቸው ሄድሴቶችም አሉ፣ ያንንም እይ።

እንግዳ፦
ፕሮፋይሉ ነበር! አውትፑት ላይ ብቻ ነበር የቆመው። ተባረክ።

ጠያቂ፦
ዶንግሉን ነቅዬ፣ አፕዴት አድርጌ፣ አጥፍቼ አበራሁት። አሁን ኤምኤስቢሲ ላይ ሆኖ መስመሯ ትንቀሳቀሳለች፣ የተቀዳውም ድምፅ ከሲቪኤስዲ በጣም ይሻላል። ግን ስብሰባ ማድረጊያው ብራውዘር ውስጥ አሁንም የላፕቶፑን ማይክ ነው የሚወስደው። ሌላው ጥያቄዬ ደግሞ፣ እያወራሁ የምሰማውን ድምፅ እንደ ሙዚቃው ጥርት ያለ ማድረግ ይቻላል?

የአርች ሰው፦
ለመጀመሪያው፣ ስብሰባው ክፍት እያለ ፓቩኮንትሮል ላይ ሪኮርዲንግ የሚለውን ትር ክፈት። ብራውዘሩ እዚያ ይታያል፣ አጠገቡ ካለው ዝርዝር ሄድሴቱን ምረጥለት። እዚያ ጭራሽ ካልታየ ለገጹ የማይክ ፈቃድ አልሰጠኸውም ማለት ነው፣ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ነካና ፍቀድለት።

ሁለተኛው በመደበኛው ብሉቱዝ አይሆንም። ከብሉቱዝ 5.2 ጋር በ2020 የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባል አዲስ የድምፅ አሠራር ኤልሲ3 በሚባል ኮዴክ ማይክንና ጥሩ ድምፅን አብሮ ማስተላለፍ ይችላል፣ ግን ሄድሴቱም ኮምፒውተሩም ሁለቱም ሊደግፉት ይገባል፣ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ገና በደንብ አልበሰለም። እኔ ለረጅም ስብሰባ የማደርገው ሄድሴቱን ኤቱዲፒ ላይ ትቼ ማይኩን የላፕቶፑን መጠቀም ነው። ብራውዘሩ የላፕቶፑን ማይክ ሲይዝ ፕሮፋይሉ አሁንም እየተቀየረ ካስቸገረህ ዋየርፕላምበር ፕሮፋይሉን ራሱ እንዲቀይር የሚያደርግ ሴቲንግ አለው፣ እሱን አጥፋው። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከሆንክ ለሚሰሙህም ሰዎች ከሄድሴቱ የተሻለ ድምፅ ይደርሳቸዋል።

ጠያቂ፦
ሪኮርዲንግ ትሩ ላይ ቀየርኩት፣ ሰዎቹም ሰሙኝ። ብቻዬን ስሆን እንዳልከው በላፕቶፑ ማይክ እሰራለሁ፣ ቤት ውስጥ ጫጫታ ሲኖር ደግሞ ሄድሴቱን ኤምኤስቢሲ ላይ። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ።