ለ10ኛ ዓመት ጋብቻችን ልጆቹን ትተን ሁለት ሌሊት፦ ከደብረ ብርሃን ወዴት እንሂድ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ፤ ምክር ፈልጌ ነው። የተጋባነው ጥር 22 ቀን 2008 ነው። ዘንድሮ ጥር 22 አርብ ይውላል፤ አሥር ዓመት ይሞላናል። ከሠርጋችን በዓመቱ የመጀመሪያዋ ልጃችን ተወለደች፤ ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ሁለታችን ብቻ ያደርንበት ሌሊት የለም። ዕቁብ ሲደርሰን 15 ሺህ ብር ለይተን አስቀመጥን። ሐሳባችን አርብ ወጥተን እሑድ መመለስ ነው። መኪና የለንም።

ልጆቹ 9 ዓመት፣ 5 ዓመት እና 1 ዓመት ከ5 ወር ናቸው። ትንሿ ገና ትጠባለች። አማቴ እዚሁ ከተማ ናቸው፤ "እኔ እይዝላችኋለሁ" አሉ፤ ቀጥለው ደግሞ "ይዛችኋቸው ብትሄዱስ?" አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። የት እንሂድ? ከጡቱ ጋር እንዴት ልሁን? ለመሆኑ ልጅ ትቶ መሄዱስ ነውር ይሆን? የሞከራችሁት ንገሩኝ።

መልስ፦ የመንዝ ልጅ

እንኳን ለዚህ አደረሳችሁ እህቴ። የኔ ልብ መጀመሪያ የሄደው መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ሣር መሬት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮው በመቶ ሆኖ ሣር ሲነጭ፣ ዕድል ከቀናችሁም ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን የምታዩበት ቦታ ነው። አባቶቻችን የሚጠብቀው አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ለሁሉም ከፍተው ያቆዩት መሬት ስለሆነ ስለ እሱ ሳወራ ኩራቴን መደበቅ አልችልም። ግን ለእናንተ ለዚህ ጊዜ አልመክርም። ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚገነጠለው መንገድ ረጅም ነው፤ ያለ መኪና ከሄዳችሁ ከሁለቱ ቀን አንዱን መንገድ ይበላዋል። የጥር ሌሊት ብርዱም ከደብረ ብርሃን ይብሳል። ትንሿ ጡት ስትተው፣ መኪና ኮንትራት ይዛችሁ ሦስት ሌሊት ሂዱበት።

መልስ፦ የመስመር ሾፌር

አንኮበር ሂዱ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጠዋት ከወጣችሁ ምሳ ሳይደርስ ትገባላችሁ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የተቀመጡበት ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ አሁን ሎጅ አለ። አልጋውን ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ፤ ጥር ሠርግና ክብረ በዓል የሚበዛበት ወር ነው። ዋጋውንም ያኔውኑ ጠይቁ፤ ቁርስ ከአልጋው ጋር ይሁን ለብቻው ለይታችሁ አስነግሩ። አቀበት ስላለው ሻንጣ ሳይሆን በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ።

ስለ መንገዱ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ማታ አትጓዙ። አርብ ጠዋት መናኸሪያ ስትደርሱ መጀመሪያ ከዚያ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ መኪና በደንብ እየተመላለሰ ከሆነ ሂዱ፣ ካልሆነ ያለ ቅሬታ ተመለሱና ቀኑን ለውጡ። ሁለተኛ፣ እሑድ የመመለሻ መኪና ከሰዓት በኋላ ይሳሳል። ጠዋት ተነሱ። ልጅ ያለው ሰው መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ሲጠብቅ የሚሰማውን እኔ በየሳምንቱ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ።

መልስ፦ ቆላ የሚወድ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከብርድ ወደ ብርድ ለምን ይሄዳሉ? የደብረ ብርሃን ሰው ጥር ላይ የሚናፍቀው ሙቀት ነው። የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝታችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ጋቢ ሳትደርቡ ውጭ ተቀምጣችሁ ፓፓያ ትበላላችሁ። እኔና ባለቤቴ እንዲያ አደረግን፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሸዋ ላይ ዘርግታ የተቀመጠችበትን ሰዓት እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። አልጋ ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፤ ቆላ ነው፣ ወባ አለ።

መልስ፦ ነርስና እናት

ስለ ጡቱ እኔ ልመልስ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ የቤቱን ምግብ ትበላለች፤ ፍትፍቱ፣ ገንፎው፣ እንቁላሉ፣ የተፈላ የላም ወተቱ ሁለት ሌሊት ያሳልፋታል። ከመሄድሽ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የሌሊቱን ጡት ቀስ በቀስ ቀንሺ። ፍሪጅ ካለ ያለብሽውን ወተት በንጹሕ ዕቃ ከድነሽ እስከ 4 ቀን ማቆየት ትችያለሽ። ጡጦ አታልምጃት፤ በኩባያ ትጠጣ።

የሚረሳው የእናትየዋ ነገር ነው። ጡትሽ ልጅ የለችም ብሎ አያርፍም፤ ቅዳሜ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ልትነቂ ትችያለሽ። ስለዚህ በምታጠቢባቸው ሰዓታት እጅሽን ታጥበሽ እለቢው። ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ቀድመሽ ብታደርጊበት ይቀልልሻል። አንዱ ወገን ቀልቶ ካቃጠለሽና ትኩሳት ከመጣ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስትመለሺ ታጠቢያታለሽ፤ ሁለት ሌሊት ጡት ማስጣል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠቡ ነው የሚመክረው።

ደግሞ ዋናውን ጉዞ የመጀመሪያ ሌሊት አታድርጊው። ቀድማ አንድ ቀን አያቷ ጋ ትደር፤ አንቺም እዚያው ከተማ ሆነሽ እደሪ። ካለቀሰች ደርሰሽ ታነሻታለሽ።

መልስ፦ አባት ከጫጫ

እኔ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ተደብቃችሁ አትውጡ። እኛ የዛሬ ሦስት ዓመት ወንድ ልጃችንን "ገበያ ደርሰን እንመጣለን" ብለን ወጣን፤ 5 ዓመቱ ነበር። አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደርነው። ከዚያ በኋላ ግን እናቱ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ጀመር። ለወራት "ገበያ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ቀሚሷን ይይዝ ነበር። ልጁ ያለቀሰው ስለ ሄድን አይመስለኝም፤ ስለ ዋሸነው ነው። በሁለተኛው ጊዜ እውነቱን ነገርነው። ለሁለት ሌሊት ሁለት ከረሜላ ሰጠነው፤ አንዱን ሲነጋ ይበላል፣ ሁለተኛውን በልቶ ሲጨርስ እኛ እንመጣለን። በር ላይ አለቀሰ፣ ወዲያው ተወው። ለ5 ዓመቱ ልጅሽ ይህን አድርጊ። ለ9 ዓመቷ ደግሞ "ታናናሾችሽን ጠብቂ" ብለሽ ሸክም አትጫኚባት፤ እሷም ልጅ ናት።

አንድ ሌሊት ብቻ ብትሄዱ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኔም እንዲያ አስብ ነበር። አሁን አይመስለኝም፤ የመጀመሪያው ቀን ስለ ልጅ በማሰብ ብቻ ነው የሚያልቀው።

መልስ፦ የአምስት ልጆች እናት፣ የአራት አያት

ልጄ፣ ነውር ነው ወይ ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። እኔና ባለቤቴ 38 ዓመት አብረን ኖረናል። ልጆቻችንን አንድ ሌሊት ትተን አናውቅም፤ ይህን እንደ ጽድቅ ነበር የምቆጥረው። የመጨረሻዋ ልጅ አግብታ የወጣች ለት ማታ እራት አቀረብኩ። እሱ በላ፣ እኔ በላሁ። የምንነጋገረው ጠፋን። ስለ ልጆቹ ካልሆነ ወሬ አናውቅም። መልሰን እስክንለማመድ ዓመት ፈጀብን። ሂዱ።

ስለ አማትሽ ደግሞ፣ "ይዛችኋቸው ብትሄዱስ" ያሉሽ ፈርተው ነው። የሚያስፈራቸው ትንሿ ናት፤ በዚህ ዕድሜ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን አዝሎ መዞር ይከብዳል። ስለዚህ ልጆቹን እሳቸው ቤት አትውሰጂ፤ እሳቸው እናንተ ቤት ይምጡ። ልጅ በራሱ አልጋ ሲተኛ ግማሹ ልቅሶ ይቀራል። ሌሊት የምታግዛቸው አንዲት ልጅ እግር ዘመድ ፈልጊላቸው። ቀኑንም ተመልከቺ፦ ሐሙስ ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ውለው ደክመው ይመለሳሉ፤ አርብ በጠዋት እንዲመጡ አታስቸግሪያቸው። አርብ ጾም ነው፣ ሰኞ የነነዌ ጾም ይገባል፤ ለእሳቸው የቅዳሜና የእሑዱን ወጥ ሠርተሽ ሂጂ። ለእናንተም ዶሮው ለቅዳሜ ነው፤ ለሎጁ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አንብቤ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አንኮበርን መርጠናል፤ ሮቢትን ለሚቀጥለው። አማቴን "እማማ፣ ፈርተው ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝም አሉና "ሌሊት ትኩሳት ቢይዛትስ?" አሉኝ። ለካ ነገሩ ይኸው ነው። የጤና ጣቢያውን መንገድ የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ስልኩን ሰጣቸው፣ የእህቴ ልጅም አብራቸው ታድራለች። ለትልቋም ትምህርት ቤት አርብ አያቷ እንደሚወስዷት በጽሑፍ አስታወቅኩ፤ ያለዚያ በሩ ላይ አያስወጧትም ነበር።

ጠያቂዋ፦ (ከተመለስን በኋላ)

ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም ልጻፍ። አርብ መንገዱ ሰላም ነበር። ጋቢ ሁለት መያዛችን በጀን። አባት ከጫጫ እንዳሉት ነው፦ የመጀመሪያውን ቀን ስለ ልጆቹ ብቻ አወራን፤ አራት ጊዜ ደወልኩ። ሦስተኛው ላይ እማማ "ልጆቹ ደህና ናቸው፤ አንቺ ነሽ ያስቸገርሽኝ" አሉኝ። ትንሿ የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለት ጊዜ ነቅታ አለቀሰች፣ ሁለተኛውን ተኛች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ባለቤቴ ቀስቅሶ ወደ ውጭ አወጣኝ። ከታች የአፋሩ ቆላ በሙሉ በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ፀሐይዋ ከዚያ ውስጥ እየቀላች ወጣች። ገደሉ ላይ ጭላዳዎቹ እየተንጫጩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጋቢውን ለሁለት ተከናንበን ቆመን ሳለ ሠርጋችን ዕለት ጫማው ጠቦት እያነከሰ ወደ ድንኳኑ መግባቱን ነገረኝ። አሥር ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

ስለ ጡቱ ነርሷ እህቴ ያለችው ሁሉ ደርሶብኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት በጣም ተወጥሮ ነበር፣ የሎጁ ሠራተኞች ሙቅ ውኃ በጆግ አመጡልኝ። ሳልዘጋጅ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር። አንድ ያልጠበቅኩት፦ እሑድ ስንገባ ትንሿ ወደ አባቷ ዘለለች፤ ወደ እኔ ግን ፊቷን አዙራ ግማሽ ሰዓት ያህል አልመጣም አለች። ደነገጥኩ። ይህ የተለመደ ነው?

መልስ፦ ነርስና እናት

የተለመደ ነው፤ አኩርፋሽ ነው። አታባብዪ፣ አትሳቢያት፤ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ በዪ። ሌሊቱን እስክትጠግብ አጥቢያት፤ ለጥቂት ቀናት ከቀድሞው በላይ ትጣበቅብሻለች።

ጠያቂዋ፦

አዎ፤ ይኸው አሁንም እቅፌ ውስጥ ሆና ነው በአንድ እጄ የምጽፈው።