ለጋራ ፓምፓችን የቱ ስክሪን ይሻላል? (ክርክር)

የግሩፑ አስተባባሪ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ነገሩን ላልሰማችሁ፦ የሰፈራችን ፓምፕ ታች ነው፣ ታንከሩ ዳገቱ ላይ። የደሴን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ ጥበቃው «ሞላ ወይስ አልሞላ» ለማለት መመላለስ ሰልችቶታል። ፓምፑን ከርቀት ለማየትና ለማዘዝ መዋጮ ተሰብስቧል። የቀረው የስክሪኑ ሶፍትዌር ነው። አንደኛው ሐሳብ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) እና ብራውዘር ያለው ሚኒ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ኢኤስፒ32 በምትባል ትንሽ ቺፕ ላይ የሚሠራው ኤልቪጂኤል ነው፤ ቁልፍና ቁጥር ስክሪን ላይ የሚሥል ሶፍትዌር ማለት ነው። ብሩ የሁላችንም ስለሆነ ተናገሩ።

ፕሮግራመሩ፣ ፒያሳ፦ እኔ ሊኑክስ ነው የምለው። አንድ ገጽ ትሠራለህ፣ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ፓነልም ስልክህም ያንኑ ያሳያሉ። ነገ ግራፍ ቢያምራችሁ ወይ ካሜራ ቢያምራችሁ መሠረቱ አለ። በቺፗ ከሄድን ግን ለእያንዳንዷ ቁልፍ በሲ ቋንቋ ስንጽፍ ልንከርም ነው።

የጥገና ባለሙያው፣ ኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ መብራቱስ? የሚኒ ኮምፒውተሩ ኤስዲ ካርድ (ሲስተሙ ያለበት) እየተጻፈበት ሳለ መብራት ድርግም ካለ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ጠዋት ጥበቃው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ታገኘዋለህ።

ፕሮግራመሩ፦ ካርዱን እንዳይጻፍበት አድርጎ መጫን ይቻላል እኮ።

የጥገና ባለሙያው፦ ይቻላል፣ አልካድኩም። አንተ አዲስ አበባ ሥራ አግኝተህ ስትሄድ ማን ይነካዋል? ቺፗ መብራት ሲመጣ ራሷ ትነሳለች።

ተማሪዋ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ፦ ሒሳቡን ላስቀምጠው። 320 በ240 የሆነ ስክሪን፣ ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ሲያዝ 153,600 ባይት ይፈልጋል። የኢኤስፒ32 ራም (የሥራ ሜሞሪ) 520 ኪሎባይት ነው፤ ዋይፋዩም ከዚያው ይበላል። ኤልቪጂኤል ግን ሙሉውን ምስል መያዝ የለበትም። የስክሪኑን አንድ አሥረኛ፣ 15,360 ባይት፣ ይዞ የተቀየረውን ብቻ እየሣለ ይሄዳል። የታንከሩ መጠን ከ62 ወደ 63 ሲል ያቺ ቁጥር ያለችበት ቦታ ብቻ ትታደሳለች። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው ነፃ ፈቃድ ነው፣ ክፍያ የለውም። ሌላውን የስክሪን ሶፍትዌር፣ ኪውቲን፣ በትንሽ ቺፕ እንጠቀም ካልን የሚሸጠውን ፈቃድ መግዛት አለብን። ሦስተኛው፣ ተችጂኤፍኤክስ፣ ነፃ ነው፤ ግን ኤስቲኤም32 በሚባሉት ቺፖች ላይ ያስረናል።

ጋሼ፣ ጡረተኛ፦ ልጄ፣ ጥበቃው የሚያነበው አማርኛ ነው። ያቺ ቺፕ ፊደል ታውቃለች?

ተማሪዋ፦ ትችላለች ጋሼ፣ ግን ዝም ብሎ አይመጣም። አብሮት ያለው ፎንት የእኛን ፊደል አልያዘም፤ መቀየሪያ አለው፣ በእሱ እናስገባለን። ደግነቱ ፊደላችን እንደ አረብኛው እየተቀጣጠለ ቅርጹን አይለውጥም። «ጀምር»፣ «ቁም»፣ «ሞልቷል» ለሚሉት የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ ከመረጥን ቦታውም ትንሽ ነው።

እናት፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ወላሂ ግራ ገባኝ። አንድ አረንጓዴ መብራት፣ አንድ ቀይ፣ ሲሞላ ኤስኤምኤስ። ይኸው ነው! የተረፈው ብር የሚያፈሰውን ቧንቧ ያስቀይር።

የጥገና ባለሙያው፦ እትዬ፣ ግማሹ ልክ ነዎት። ግን ፓምፑ ሲቆም ለምን እንደቆመ ካልታየ ቀይ መብራቱ ብቻ ምን ይሠራል? ውሃ አጥቶ ነው? ሞተሩ ግሎ ነው? አንዱ ፌዝ (የመብራቱ መስመር) ጠፍቶ ነው?

እናት፦ ያንን ለእናንተ ይጻፍላችሁ፤ ለጥበቃው መብራቱ ይበቃዋል።

ፕሮግራመሩ፦ እሺ፣ እኔ ስልኬ ላይ ምን ልይ? የስክሪኑን ምስል እንዳለ በሚልከው በቪኤንሲ ላኩልኝ።

ተማሪዋ፦ ምስል ለምን ይላካል? በደካማ ኔትወርክ እየተንቀረፈፈ ያናድድሃል። ኤምኪውቲቲ በሚባለው የአጭር መልእክት መላኪያ ዘዴ ቁጥሩን ብቻ እንላክ፤ ጥቂት ባይት ነው። በፈረንጆቹ 1999 ላይ ሲሠራም የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል ነበር፤ መስመሩ ውድና ቀጭን ስለነበር። ገጹን ስልክህ ራሱ ይሣለው።

ፕሮግራመሩ፦ እንግዲያው የስልኩ ገጽ የእኔ ነው። የፓነሉን እናንተ ያዙት። ነገ ግን «ግራፍ የለውም» ብላችሁ እንዳትመጡብኝ።

የጥገና ባለሙያው፦ እኔን የሚያስፈራኝ ስክሪኑ አይደለም። ሰው ፓምፑን ፈትቶ እጁን ከቶ ሳለ፣ አንዱ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በስልኩ «ጀምር» ቢልስ? ፓነሉ በር ላይ የሎካልና የሪሞት ሴሌክተር ስዊች (ከቦታው ወይስ ከርቀት ይታዘዝ የሚለውን መምረጫ) ይግባ። ሎካል ላይ ሲሆን ከስልክ የመጣውን ትእዛዝ ሽቦው ራሱ ይቁረጠው። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍም በሶፍትዌር በኩል አይለፍ።

አስተባባሪው፦ ይሄ በጨረታው ዝርዝር ውስጥ አልተጻፈም።

የጥገና ባለሙያው፦ ይጻፋ። እሱ ሳይገባ እኔ አንድም ሽቦ አልቀጥልም።