ቪዲዮ ሲከፈት ብራውዘሩ በራሱ ይዘጋል

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ስከፍት ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ጥቁር ይሆናል፤ ትንሽ ቆይቶም ብራውዘሩ በራሱ ይዘጋል። ካሹን (ብራውዘሩ ያስቀመጣቸውን ጊዜያዊ ፋይሎች) ባጠፋም ለውጥ አላየሁም። መንስኤው ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ድምፁ ሳይቋረጥ ምስሉ ብቻ ከጠፋ፣ ኢንተርኔቱን ከመጠርጠር ይልቅ ቪዲዮውን የመፍታት ሥራ ለግራፊክስ ካርዱ የሚያስተላልፈውን «ሃርድዌር አክስለሬሽን» የተባለ ቅንብር አጥፍተው ብራውዘሩን ዘግተው ቢከፍቱት ይሻላል። ችግሩ ከተወገደ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሳይሆን ስለማይቀር ያድሱትና ቅንብሩን መልሰው ያብሩት፤ ጠፍቶ ከቀረ ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል።

ሌላ መልስ፦ አስቀድመው በብራውዘሩ የግል መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ይሞክሩት። ኤክስቴንሽኖች (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) በዚያ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሠሩ፣ ቪዲዮው በትክክል ከታየ እነርሱን አንድ በአንድ እያጠፉ ጥፋተኛውን መለየት ይቻላል። ካሽ ማጥፋት፣ ሁሉም የሚመክረው ቢሆንም፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር እምብዛም አይረዳም።

ጠያቂው፦ በግል መስኮትም ያው ነበር፤ ቅንብሩን ሳጠፋው ግን ምስሉ ተመልሷል። ድራይቨሩን እያወረድኩ ነው።